ጅማ ላይ ለአካል ጉዳተኞች በሚሠራ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ሲጠብቃችሁ

ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በየዓመቱ በሳይኮሎጂ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በነርሲንግ የሚመረቀው ወጣት ብዙ ነው። ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሚሠራ ድርጅት አንድ ክፍት ቦታ ሲያወጣ ማመልከቻው ይከመራል። ዲግሪ ሁሉም ጋ አለ። ሰው የሚለየው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው።

እዚያ ላይ ጎበዝ የሚባሉ ልጆችን ሳይቀር የሚጥል አንድ መልስ አለ። "ለምን እዚህ መሥራት ፈለጋችሁ?" ሲባሉ "ስለማዝንላቸው ነው፤ ጽድቅም አለው" ይላሉ። ከልባቸው ነው የሚሉት። ማዘን ደግሞ ነውር አይደለም። ጅማ በሰደቃም በምጽዋትም እጇ የማይታጠፍ ከተማ ናት። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ግን ሌላ ነው። ዊልቸር ላይ ያለውን ሰው እንደ ባለጉዳይ፣ እንደ ባልደረባ፣ አንዳንዴም እንደ አለቃ የሚያይ ሠራተኛ ነው የሚፈልጉት። ዝግጅታችሁን ሁሉ በዚህ መንፈስ አድርጉት።

ደረጃ 1፦ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ በእግራችሁ ሄዳችሁ እወቁ

ለአካል ጉዳተኞች የሚሠሩ ድርጅቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሰው ሠራሽ እግር፣ ክራንችና ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል። ሌላው ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ ቤተሰብን ያግዛል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የሚሉት እሱን ነው። ሌላው ትምህርት ቤቶችን ለሁሉም ልጅ ምቹ በማድረግ ላይ ይሠራል። የአካል ጉዳተኞች የራሳቸው ማኅበራትም አሉ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ዓይነቶቹ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ አመራሩ የራሳቸው የባለጉዳዮቹ ነው። "እኛ እንረዳቸዋለን" የሚል አነጋገር እዚያ ቤት አያስኬድም።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ካነበባችሁ በኋላ ቢሮው ድረስ ሂዱ። ስለ ሥራው መጠየቅ ነውር የለበትም። በሩ ላይ መወጣጫ አለ ወይስ ደረጃ ብቻ? ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል? እናት ልጇን አዝላ ነው የምትመጣው? ወረፋ የሚጠብቁት የት ተቀምጠው ነው? ይህን ያየ ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ድርጅቱ የሚናገረው ከብሮሹር የተሸመደደ አይመስልም።

ከቢሮው ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉ። ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለውን መንገድ በእግር ሂዱትና ዊልቸር የት እንደሚቆም እያሰባችሁ ተመልከቱ። ክዳኑ የተነሳ የውኃ ቦይ ታያላችሁ። የእግረኛ መንገድ ላይ የተዘረጋ ሸቀጥ ታያላችሁ። ደረጃ ወጥተው ካልሆነ የማይገባባቸው ሱቆችና ቢሮዎች ታያላችሁ። ዊልቸሩ ታጥፎ ካልገባለት ጥሎ የሚሄድ ባጃጅም አለ። ክረምት ላይ ደግሞ የጅማን ጭቃ የማያውቅ የለም። "በከተማችን ትልቁ ችግር ምንድን ነው?" ስትባሉ ይሄ ነው መልሳችሁ።

ዓይን ሸፍኖ እየተደናበሩ "ዓይነ ስውርነትን መሞከር" ግን ይቅርባችሁ። የሚያስተምረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ነጭ በትር ይዞ ለዓመታት የሄደ ሰው የሚያውቀውን ችሎታ አያሳያችሁም። ከዚያ ይልቅ አንድ አካል ጉዳተኛ ጎረቤታችሁን ወይም የክፍል ጓደኛችሁን ቡና ጋብዙና አውሩ። ምን ያስቸግረዋል፣ ምን ቢስተካከል ይወዳል፣ ከድርጅቶች ጋር ምን ገጠመው? ካወራችሁት በላይ የምትሰሙት ይበልጥ።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁን አሰናዱ

ይሄ አጭር ነው። ሲቪ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ መታወቂያ፤ ዋናውም ኮፒውም። ሥራው ከልጆች ጋር ከሆነ ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቀድማችሁ ጀምሩት። ሁሉንም ውኃ በማያስገባ ፎልደር ያዙ። ጅማ ዝናብ አይታመንም።

በጎ ፈቃድ የሠራችሁት ነገር ካለ ሲቪው ላይ በዝርዝር ጻፉት። "በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ" አይበቃም። ለማን፣ ስንት ወር፣ ምን ሠራችሁ?

ደረጃ 3፦ ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር

አንቀጽ በአንቀጽ አትሸምድዱ። ግን እነዚህን ሳያውቁ መቅረብ ያሳፍራል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ የሕጓ አካል አድርጋዋለች። የስምምነቱ ዋና ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሰውን ከሌላው እኩል እንዳይሳተፍ የሚያደርገው ጉዳቱ ብቻውን አይደለም። ጉዳቱ መወጣጫ ከሌለው ደረጃ፣ ከሰዎች አመለካከት፣ ከመረጃ እጦት ጋር ሲጋጭ ነው። ይህችን በራሳችሁ ቃልና በራሳችሁ ምሳሌ ማስረዳት ከቻላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

በአገራችን ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የማግኘት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንደሚያደርግ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። አሁን ወደ ፈረንጅ አራዳው ጉዟችሁ ተመለሱ። አዋጁና መንገዱ ምን ያህል ይራራቃሉ? ጠያቂዎቹ መስማት የሚፈልጉት ስለዚህ ርቀት የምታስቡትን ነው።

የመረጃ ሰብሳቢነት ወይም የክትትልና ግምገማ ቦታ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ፤ በቆጠራና በጥናት ላይ አካል ጉዳትን ለመለየት የሚያገለግሉትን የዋሽንግተን ግሩፕ አጭር ጥያቄዎች። 6 ናቸው፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ትኩረት ማድረግ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት። ለእያንዳንዱ መልሱ 4 ደረጃ አለው፤ ከ"ምንም አልቸገርም" እስከ "ፈጽሞ አልችልም"። ቤት ለቤት ስትሄዱ "አካል ጉዳተኛ አለ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው "የለም" ይላል። አንዱ ያፍራል፣ ሌላው የአያቱን የዓይን መድከም እንደ ጉዳት አይቆጥረውም። "ለማየት ትቸገራለህ?" ስትሉት ግን ይመልሳል። ይህን ልዩነት የገባው አመልካች ብዙ አይገኝም።

ደረጃ 4፦ ለሚመጡት ጥያቄዎች መልሳችሁን ተለማመዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሌላውን ሁሉ ብትዘልሉ ይህን አትዝለሉ።

"አንዲት እናት ልጇን ቤት ደብቃለች ተባላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ?" በአንድም በሌላም መልክ ይመጣል። ብዙው ሰው "ግንዛቤ እፈጥራለሁ" ብሎ ያቆማል። ይህ መልስ አይደለም። በደረጃ ተናገሩ። መጀመሪያ ሴትየዋ የምታምነው ሰው ማን እንደሆነ አጣራለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች፣ የእድር ሰው ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር እሄዳለሁ። ስደርስ አልገሥጽም፣ እሰማለሁ። ምክንያቱም "መደበቅ" የመሰለን ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ቡና ለቀማ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ይወርዳል። ልጁን የሚይዝ የለም። ተሸክሞ መሄድ አይቻል፣ ልጁ ከብዷል። በሩን ዘግታ የሄደችው ጨንቋት ነው። ለእሷ የሚያስፈልጋት የልጅ መያዣ መላ እንጂ ትምህርት አይደለም። እፍረት ከሆነ ደግሞ ተመሳሳይ ልጅ ካላት ሌላ እናት ጋር አገናኛታለሁ። ልጁ ታስሮ ወይም ተጎድቶ ካገኘሁት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በድርጅቱ የሕፃናት ጥበቃ ደንብ መሠረት በዚያው ቀን ሪፖርት አደርጋለሁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። ብዙ ሰው እሷን ረስቶ ነው ነጥብ የሚያጣው።

"ዊልቸር የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የመጣው ዊልቸር ጥቂት ነው። እንዴት ታከፋፍላላችሁ?" "በጣም ለተቸገረው" ብላችሁ አትቸኩሉ። ዊልቸር እንደ ልብስ በልክ ነው። ያለ ልኩ የተሰጠ ዊልቸር የመቀመጫ ቁስል ያመጣል፤ ቁስሉ ከመረቀዘ ደግሞ ሰው ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎትን በ8 እርከን አስቀምጦታል። ዋና ዋናዎቹ ሰውየውን መመርመርና መለካት፣ የሚስማማውን መምረጥ፣ አስቀምጦ ልኩን ማስተካከል፣ አጠቃቀሙን ማሠልጠን፣ በኋላም መከታተልና መጠገን ናቸው። ስለዚህ መልሳችሁ ከሰውየው አካልና ከሚኖርበት ቦታ ይነሳ። ቤቱ ዳገት ላይ ነው? መንገዱ ጭቃ ነው? የፊት ጎማው ትንሽ ከሆነ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ጎማው ሲፈነዳ ማን ይጠግንለታል? ለምርጫው ግልጽ መስፈርት ይውጣ፣ በኮሚቴ ይታይ፣ ኮሚቴው ውስጥ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ይኑሩ።

"አንድ ልጅ ፊታችሁ የሚጥል በሽታ ቢነሳበትስ?" ይህን ጥያቄ ለመስክ ሠራተኛ ማንሳት የተለመደ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት የለም። ጥርሱ መሐል ማንኪያ ወይም ጣት ማስገባት የለም። አፈፍ አድርጎ መያዝም የለም። ሰዓት ተመልከቱ። አጠገቡ ያለውን ስለታም ነገር አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደገመ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ይሄን ሥራውን ባታገኙም እወቁት፣ ሰው ታድኑበታላችሁ።

"መስማት የተሳናት ሴት ከወንድሟ ጋር መጣች፤ እሱ ነው የሚያወራው።" ፊታችሁን ወደ እሷ አዙሩ፣ እሷን አነጋግሩ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ፈልጉ። በወንድሟ ፊት የማይነገር ነገር ሊኖራት ይችላል።

"ለጋሹ የሚያሳዝን ፎቶ ፈለገ።" ፈቃድ የሌለበት ፎቶ አይነሳም። ፈቃድ ሲጠየቅ ደግሞ ፎቶው የት እንደሚወጣ ይነገራቸዋል፣ "አይሆንም" ካሉም አገልግሎቱ አይቋረጥባቸውም። ልጅ ከሆነ የወላጅም የልጁም ፈቃድ ነው።

የማታውቁት ጥያቄ ቢመጣ አትፍጠሩ። "ይህን አልሠራሁትም፤ ቢገጥመኝ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ራሱን፣ ቀጥሎ የቅርብ ኃላፊዬን እጠይቃለሁ" በሉ።

ደረጃ 5፦ አፋችሁን ግሩ

"ሽባ"፣ "ደንቆሮ"፣ "ቆማጣ" የሚሉት ቤት የለመዳቸው ስድቦች በጭንቀት ሰዓት ከአፍ ያመልጣሉ። ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ የመንቀሳቀስ ጉዳት ያለበት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት በሉ። "ጤነኛው" እና "አካል ጉዳተኛው" ብሎ መክፈልም ይቅር፤ አካል ጉዳተኛ ታማሚ ማለት አይደለም።

የሥራ ቋንቋውንም አስቡ። በከተማ በአማርኛ ትግባባላችሁ። ሥራው ወደ ሰቃ ጮቆርሳ፣ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ቀርሳ ገጠር የሚያስወጣ ከሆነ ግን ያለ አፋን ኦሮሞ አይሆንም። ጠያቂዎቹ መሐል ላይ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ሊዞሩ ይችላሉ። ራሳችሁን ማስተዋወቅና አንድ የሥራ ታሪክ መንገርን በሦስቱም ተለማመዱ። አፋን ኦሮሞው ደካማ ከሆነ ደብቃችሁ ከምትጋለጡ "እየተማርኩ ነው" በሉና እስከምትችሉት ተናገሩ።

ደረጃ 6፦ ቀኑንና ሰዓቱን አረጋግጡ

በኢሜይል የሚመጣ ጥሪ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በስልክ የሚነገረው በእኛ ነው። "3 ሰዓት" የትኛው ነው? ደውላችሁ በሁለቱም አረጋግጡ። የጽሑፍ ፈተና ይኖር እንደሆነም በዚያው ጠይቁ።

ቀድማችሁ ድረሱ። ዝናብ ከያዘ ባጃጅ ይጠፋል። ንጹሕ ልብስ ይበቃል፣ ሱፍ አያስፈልግም። ለመስክ ሥራ የሚሄድ ሰው በሚያዳልጥ ጫማ ባይገባ እመርጣለሁ።

ደረጃ 7፦ ክፍሉ ውስጥ

ጠያቂዎቹ መሐል አካል ጉዳተኛ ሊኖር ይችላል። ዓይነ ስውር ከሆነ ስማችሁን ተናግራችሁ ሰላም በሉ፣ ጥያቄው ሲገባችሁ በራስ ንቅናቄ ሳይሆን በድምፅ "እሺ" በሉ። መስማት የተሳነው ሆኖ አስተርጓሚ ካለ የምታዩት እሱን እንጂ አስተርጓሚውን አይደለም። ዊልቸር ላይ ካለ ዊልቸሩን አትደገፉ፣ ሳትጠየቁ አትግፉ። ክንድ የሌለው ሰው ከሆነ እሱ እንዴት ሰላም እንደሚል አይታችሁ ተከተሉ። እጅ ለእጅ መጨባበጥ የማይሻ ሃይማኖተኛም አለ፤ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ ማለት በጅማ የተለመደ አክብሮት ነው። ሁሉንም "እርስዎ" በሉ። በዕድሜ ያነሱም ቢሆኑ።

መልስ ስትሰጡ ከአጠቃላይ ወሬ አንድ የሠራችሁትን ነገር ምረጡ። ችግሩ ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ሳይለወጥ ቀረ። የመጨረሻዋ እምነት ታስገኛለች።

ደረጃ 8፦ አካል ጉዳተኛ ከሆናችሁ

ለእናንተ ለብቻ መናገር እፈልጋለሁ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ የሚያስፈልጋችሁን በዚያው ስልክ ንገሩ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ የጽሑፍ ፈተናውን የሚያነብላችሁ ሰው ወይም በኮምፒውተር የንባብ ሶፍትዌር መሥራት፣ ተጨማሪ ሰዓት። ይህ ልመና አይደለም። አዋጅ 568 አሠሪው እንዲያመቻች ያለው ይህን መሰሉን ነው። በቃል ከነገራችሁ በኋላ በአጭር መልእክት ድገሙት፣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ቀኑ ደርሶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢጠብቋችሁ "ይቅር፣ እወጣዋለሁ" ብላችሁ ተሸካሚ አትጥሩ። ክፍሉ እንዲቀየር ጠይቁ። ለአካል ጉዳተኛ የሚሠራ ድርጅት ይህን ካላደረገ ስለ ራሱ ነግሯችኋል።

ስለ ጉዳታችሁ ታሪክ የመናገር ግዴታ የለባችሁም። "ምን ሆነህ ነው?" የሚል ጥያቄ ቢመጣ "ከሥራው ጋር በተያያዘ ብንነጋገር ደስ ይለኛል" ማለት ይቻላል። ልምዳችሁን እንደ ሙያ ማቅረብ ከፈለጋችሁ ግን አቅርቡት። ብሬይል ማንበብ፣ የምልክት ቋንቋ፣ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ ጉዳይ ማስፈጸም ሌላው አመልካች የሌለው ችሎታ ነው። የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ የሆነችው ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ይህ ዘርፍ የእናንተም ነው።

ደረጃ 9፦ እናንተም ጠይቁ

"ጥያቄ አላችሁ?" ሲባል "የለኝም" አትበሉ። ከሠራተኞቻችሁ መሐል አካል ጉዳተኞች አሉ? በምን ደረጃ ላይ? ፕሮጀክቱ መቼ ያልቃል፣ ሲያልቅ ባለጉዳዮቹ ወዴት ይሄዳሉ? መስክ የሚወጣው በሞተር ነው በመኪና? አበሉ እንዴት ነው? ጥቃት ወይም በደል ባይ ለማን ነው ሪፖርት የማደርገው? የመጨረሻው ጥያቄ ያለ ፍርሃት ከተመለሰላችሁ ጥሩ ቤት ነው።

ደመወዝ ሲጠየቅ ያልተጣራውን ነው ወይስ የተጣራውን የምትሉት፣ ለዩ። ከደመወዛችሁ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል።

ከወጣችሁ በኋላ አጭር የምስጋና መልእክት ላኩ። በተባለው ቀን ካልተደወለ አንድ ጊዜ ደውሉ። ዘመድ አታስደውሉ። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገውን ታማኝነት ገና ሳትጀምሩ ታጎድፉታላችሁ።

ካለፋችሁ ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጊዜ የተገደበ ከሆነ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። ከፊርማው በፊት የሕፃናትና የተጠቃሚዎች ጥበቃ ደንቡን ኮፒ ጠይቁና መስክ ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት።